ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ

አያቴ ጉልቻ የምትመርጠው በጆሮዋ ነበር። ያመጣንላትን ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ቆርቆር ታደርገውና ድምፁን ታዳምጣለች። የጠራ፣ ጠጣር ድምፅ ከሰጠ ምድጃ ይገባል፤ ካልሰጠ ለካብ ይሄዳል። ከገደሉ ሥር የምንለቅመውን ድቡልቡል፣ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ የሻከረ ድንጋይ ግን ሳትቆረቁረው ትመልሰው ነበር።

«ይኼ እሳት አይችልም ልጄ» ትለኛለች። «ሙሽራ ሳለሁ አንዱን ጉልቻ ባደርገው ፈንድቶ ድስቱን ገለበጠ፣ ፍሙንም በቤቱ በተነው። ውስጡ ውኃ አለ።»

ድንጋይ ውስጥ ምን ውኃ አለ ብዬ በልቤ እሟገታት ነበር። አፍ አውጥቼ አልተከራከርኳትም፤ ነገሩ የገባኝም እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

አገሬ መንዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ መዘዞን፣ ባሽን፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ይገባል። እኛ ያደግነው በዚያ በመዘዞ በኩል ነው። ብርዱ ለማያውቀው ሰው አይነገርም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲነጋ ውርጩ ገብሱ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል፤ ሕፃን ሽማግሌው በባና ተጠቅልሎ ፀሐይ እስክትሞቅ ካብ ሥር ይቀመጣል። በጎቻችን እንኳ ጠጉራቸውን አጎፍረው የሚኖሩት ለዚሁ ብርድ ነው። ገደሉ ደግሞ እንደ ጥለት ነው፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀላ ያለ፣ እንደገና ጥቁር እያለ እየተደራረበ ወደ ቆላው ይወርዳል። ያ ጥለት የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆኑን፣ ጥቁሩ የቀለጠ ድንጋይ፣ ግራጫው ደግሞ እንደ ዝናብ ወርዶ የተጋገረ አመድ መሆኑን በልጅነቴ የነገረኝ የለም። ለእኛ ገደል ገደል ነበር፤ በግ የሚወድቅበት።

ያን ድቡልቡል ድንጋይ የድንጋይ እንቁላል እንለው ነበር። ክረምት ጎርፍ ከግራጫው ንብርብር እየፈለፈለ ፈፋው ውስጥ ይጥለዋል። አንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ያህላል፣ አንዳንዱ የጎልማሳ ጡጫ። ለወንጭፍ አይሆንም፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዓለት ጋር እያላተምን መስበር ነበር ጨዋታችን። አብዛኛው ውስጡም እንደ ውጪው ነው፤ አመድ የመሰለ ድንጋይ ብቻ። አንዳንዱ ግን ሲሰበር ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር ይገኛል፤ የጠጅ ቀለም ያለው፣ ወይም ቡና የሚመስል፣ እንደ ቀዘቀዘ ሙጫ የሚያብለጨልጭ።

1986 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ አንዱን ሰበርኩ። ዝናቡ ገና አባርቶ ፀሐይዋ ከደመና ሥር ብቅ ብላ ነበር። ድንጋዩ ለሁለት እኩል ተከፈለ። ግማሹን አንስቼ ሳየው ቡናማ ነው፤ ምንም የለበትም። ከዚያ፣ ጠጅ በብርሌ ይዞ ወደ ብርሃን እንደሚያይ ሰው፣ ከፍ አድርጌ በፀሐይዋ አንጻር ያዝኩት። ውስጡ ቀይ ነደደ። ትንሽ ሳዘነብለው ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ መጣ፤ ከአረንጓዴው ጥግ ሐምራዊ ሾለከ። በጎቹ የት እንደ ደረሱ ረሳሁ። እስከ ዛሬ በሙያዬ ብዙ ነገር አሳይቻለሁ፣ ብዙ ነገርም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ዓይኔ ተደንቆ አያውቅም።

አንደኛውን ግማሽ ለአያቴ ሰጠኋት። ብርሃኑን አይታ «የማርያም መቀነት» ብላ፣ ከደጃፏ በስተቀኝ ካለው ካብ መካከል ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ ሰካችው። ሌላውን ግማሽ እኔ ያዝኩ። ከዚያው ድንጋይ የረገፈች አንዲት ፍንካች ነበረች፤ እሷን አያቴ ከዘር ገብሱ ጋር ጎታ ውስጥ ጣለቻት። ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። ዘሩ እንዲበረክት ይሆናል።

በዚያው ዓመት አካባቢ ነው ገዢ የመጣው። በድንጋይ እንቁላሉ ሆድ ውስጥ የሚገኘው ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ኦፓል ይባላል። የመዘዞ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በ1996 በአንድ የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች መጽሔት ላይ «የሸዋ ኦፓል» ተብሎ ባሕርይው በሰፊው ተጠንቶ ወጥቷል። እኛ ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ያወቅነው የድንጋይ እንቁላል የሚገዛ ሰው መጣ መባሉን ነው። ሰዉ ማረሻውን ትቶ ገደል ወረደ። የእናቴ ወንድም፣ አያ እያልኩ የምጠራው፣ በጆንያ ሰብስቦ ሸጠ። ሲሸጥ አብሬው ነበርኩ። ገዢው ድንጋዩን ከነእርጥበቱ እያየ፣ በውኃ እያራሰ፣ እያወደሰ ወሰደ።

በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣ። እፍኝ ሙሉ ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ የአያ እግር ሥር በተነው። ሁሉም ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ነበር። «አታላዮች» አለን። አያ በሕይወቱ ሰው አታሎ አያውቅም። ድንጋዩን አንስቶ እያገላበጠ «ጌታዬ፣ እኔ ስሰጥዎ ጤነኛ ነበር» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ዛሬም ያመኛል፤ ይህን የምጽፈውም በከፊል ለእሱ ነው።

አያ እውነቱን ነበር። ኦፓል ከአሸዋና ከኳርትዝ ጋር አንድ ሥጋ ነው፤ ሲሊካ። ልዩነቱ ኳርትዝ ቅንጣቶቹን በሥርዓት ደርድሮ ሲያድግ፣ ኦፓል ግን ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ የረጋ መሆኑ ነው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ውኃ በእሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካውን እያሟሟ ወሰደ፤ ክፍት ቦታ ሲያገኝ እዚያው አረጋው። ውኃውም ሁሉ አልወጣም። አብዛኛው ኦፓል ከክብደቱ ከመቶ ከ3 እስከ 10 እጅ የሚሆነው ውኃ ነው። እንግዲህ የአያቴ ጉልቻ ለምን እንደ ፈነዳ ግልጽ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ አጣ። የመንዙ ኦፓል ደግሞ ከመሬት ሲወጣ፣ በተለይ በደረቅና ሞቃት አገር ቶሎ ሲቀመጥ፣ ያን ውኃ ከላዩ እየለቀቀ ከውስጡ ይይዛል። ላዩ ሲኮማተር ውስጡ እንቢ ይላል። ያኔ ይሰነጠቃል። ድንጋዩን ከገደል አውጥቶ በወሩ ሸጦ በሁለተኛው ወር የፈረደበት ማንም ይሁን ማን፣ የድንጋዩን ጊዜ አልጠበቀም።

እኔም አልጠበቅኩም። የራሴን ግማሽ በመድኃኒት ጠርሙስ ውኃ ውስጥ አድርጌ ለዓመታት አኖርኩት፤ ውኃ ውስጥ እስካለ ሕያው ነበር። ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ጠርሙሱን በባና ጠቅልዬ ይዤ ወረድኩ። አንድ ምሽት ለጓደኞቼ ላሳይ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝና ረሳሁት። በሳምንቱ ሳየው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ወደ መብራቱ ባነሳው ቀዩ የለም፤ ስንጥቁ ብቻ ነጭ ሆኖ ያበራል። ለአያቴ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ድንጋይ ወደ ቤቴ የገባው በጋብቻ ነው። ባለቤቴ የደላንታ ልጅ ናት። ደላንታ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ ከመቅደላ ፊት ለፊት የተንጣለለ ደጋ ነው፤ ከተማው ወገል ጤና። ከመዘዞ ወደ ሰሜን በአሞራ በረራ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ2000 ዓ.ም. ከወገል ጤና አጠገብ፣ ፀሐይ መውጫ በሚባል መንደር ገደል ላይ ኦፓል ተገኘና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወሎ ኦፓል ስም ዓለምን ሞላ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሆነ። ልጃችን ክርስትና ስትነሳ መጣና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረ። «ጋሼ፣ ይቺ የልጅቷ ናት» አለኝ።

ነጭ ናት፤ ወተት ጠብ ያለበት ውኃ የምትመስል። ወደ ፀሐይ ማንሳት አያስፈልግም፤ መዳፍ ላይ ተኝታ ሳለ አረንጓዴና ብርቱካናማ ትረጫለች። እኔ ግን ከመንዝ የመጣሁ ሰው ነኝ። እንግዶቹ እንደ ሄዱ፣ እንዳትሰነጠቅ ብዬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተትኳት።

ሌሊት ተነስቼ ሳይ ድንጋይ የለም። ብርጭቆውን ወደ መብራት ባነሳው፣ እንደ በረዶ ቁራጭ ጥርት ብላ ታች ተኝታለች፤ ወተቱም ቀለሙም ጠፍቷል። ሁለተኛ ድንጋይ ገደልኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሲነጋ ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩለት።

«ውኃ ውስጥ ጨመርካት?» አለ።

«እንዳትሰነጠቅ ብዬ ነዋ!»

«ጋሼ፣ ይቺ ትጠጣለች። አውጣትና ተዋት፤ ፀሐይ ላይ ግን እንዳታሰጣት። በራሷ ጊዜ ትመለሳለች።»

በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ወተቱ ከዳር እየጀመረ ወደ መሐል ገባ፤ ከኋላው ቀለሙ ተከተለ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በክረምት እረፍት፣ ትምህርት ቤቱ ጭር ባለበት ሳምንት፣ ሁለቱን ድንጋዮች ይዤ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ከመንዝ በኩል ያቀረብኩት ያቺን የጎታ ፍንካች ነው። አያቴ ካረፈች በኋላ ጎታው ሲገለበጥ ተገኝታ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ በገብስ ውስጥ፣ በጨለማና በቅዝቃዜ ቀስ ብላ ደርቃ፣ አንድም ስንጥቅ የለባትም።

በጥንካሬ አልለያቸውም። ኦፓል በአብዛኛው በሞዝ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ኳርትዝ 7 ስለሆነ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለ አሸዋ ሁለቱንም ይጭራቸዋል። ክብደት ላይ ግን ነገሩ ተለየ። የመንዟ ፍንካች በአየር 6.05 ግራም መዘነች፤ በክር ተንጠልጥላ ውኃ ውስጥ ስትገባ 3 ግራም። እኩል መጠን ካለው ውኃ ጋር ስትነጻጸር 1.98 ጊዜ ትከብዳለች ማለት ነው። ሚዛኑ ቁጥሩን ሰጥቶ ቆመ፤ ከሰዓታት በኋላ ብመለስም ያው ነው። የደላንታዋ በአየር 4.12 ግራም ነበረች። ውኃ ውስጥ ስትገባ 1.85 አለ፤ ገና ሳልጽፈው 1.86፣ 1.87 እያለ ወጣ። ከሰውነቷ ትናንሽ የአየር አረፋዎች እየተከታተሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እየጠጣች ነበር። በመጀመሪያው ንባብ ያሰላሁት ንጽጽር 1.81 ነው። በማግስቱ ከውኃው አውጥቼ ላይዋን አብሼ ብመዝናት 4.49 ግራም ሆናለች፤ ከመቶ 9 እጅ ያህል ጨምራለች። እንደገና አሰላሁት። 1.98።

እርሳሴን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን ተመለከትኩ። ጠጥታ የጠገበችው የደላንታ ድንጋይ ከመጠኗ አንጻር ልክ የመንዟን ያህል ከበደች። የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ ቀዳዳው ነው። የደላንታው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ሆኖ ባዶውን ይኖራል፤ ሲያገኝ ይጠጣል፣ ሲያጣ ይመልሳል፣ መውጫና መግቢያው ክፍት ስለሆነ አይቀደድም። የመንዙ በአብዛኛው ያን መተላለፊያ የለውም። የያዘውን ይዞ ነው የሚኖር።

ጥርት ማለቷም ከዚሁ ነው። ዘይት የነካ ወረቀት ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሁሉ፣ በቀዳዳው ያለውን አየር ውኃ ሲተካው ብርሃኑ መበተኑን ያቆማል። ኳርትዝ ብርሃንን የሚሰብረው በ1.54 ሲሆን የደላንታ ኦፓል እስከ 1.36 ሲወርድ ተመዝግቧል፤ ውኃ ራሱ 1.33 ነው። ያ ሁሉ ባዶ ስላለበት ነው። የቀለሙን ምሥጢር ደግሞ የፈቱት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ እኩል መጠን ያላቸው የሲሊካ ድቡልቡሎች እንደ ገበያ ብርቱካን ተደርድረው አገኙ። የአንዱ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ እንኳ ሩቡን ያህል ቢሆን ነው። ከፍ ያሉት ቀይ ይሰጣሉ፣ አነስ ያሉት ሰማያዊ። ድንጋዩ ውስጥ ቀይም አረንጓዴም ቀለም የለም፤ ድርድሩ ነው ብርሃኑን የሚለየው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የወገል ጤና ኦፓል ጥናት ላይ ተመራማሪዎቹ ድንጋዮቹን ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ደጋግመው ጥለው ምንም ጉዳት እንዳላገኙ ጽፈዋል። ልጄ ይህን ሳታነብ ድንጋይዋን ከሰገነት ላይ ጥላታለች፤ ድንጋይዋ ጤነኛ ናት። የጎታዋን ፍንካች ግን ለማንም አላስነካም።

ከዚያ ወዲህ ፒያሳም ሆነ ቸርችል ጎዳና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ በገባሁ ቁጥር «ሸዋ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ «ሸዋ ይሰነጠቃል»። በዚህ አልስማማም። ብዙው መሰንጠቁን አልክድም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጊዜውን ጠብቆ የደረቀና ያልተሰነጠቀ የመንዝ ድንጋይ አለ፤ ያ ቡናማ መደብ ቀዩን እንደ ምሽት ፍም የሚያወጣ ነው፣ ነጩ ደላንታ ያን አይሰጥም። ደላንታው ደግሞ ሽቶ፣ ዘይት፣ የታጠበ ልብስ ቀለም ሳይቀር ይጠጣል፤ በቀለም ነክረው ጥቁር ብለው የሚሸጡት ለዚህ ነው። አንዱ ስም የወጣለት፣ ሌላው ስም የጠፋበት፣ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት የአመድ ንብርብር የተወለዱ ናቸው።

ፀሐይ መውጫን አይቼዋለሁ። አማቼ ከገደሉ አፋፍ ወስዶ አሳየኝ። ኦፓል ያለበት ንብርብር ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ከሥሩ ወንዝ የሚወርድበት ባዶ። ወጣቶቹ በገመድ ይወርዳሉ፣ ገደሉን በዶማና በመዶሻ ፈልፍለው በሆዳቸው ይገባሉ። ጣሪያው የተደረመሰባቸው አልወጡም። እሱ ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ «ጋሼ፣ ወደ ኋላ በል» አለኝ። ከሥሩ ያለውን ገደል አየሁት፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀላ ያለ፣ እንደገና ጥቁር። ያደግኩበት ጥለት ነበር። እግሬ ተንቀጠቀጠ። እስኪወጣ ድረስ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ መያዜ ምንም እንደማይጠቅም ባውቅም አልለቀቅኩትም።

ባለፈው ክረምት ወደ መዘዞ ወረድኩ። የአያቴ ቤት ክዳኑ ወልቋል፤ ካቡ ግን ቆሟል። አያ አርጅቶ ዓይኑ ፈዟል፤ ምርኩዙን ይዞ አብሮኝ መጣ። ከደጃፉ በስተቀኝ የተሰካው ግማሽ ድንጋይ እዚያው አለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፀሐይና ውርጭ ተፈራርቀውበት ላዩ እንደ ደረቀ ረግረግ ተሰነጣጥቋል፤ ነጭ ሆኗል። አያ በጣቱ ዳሰሰው።

«ያ ነው?»

«ያ ነው አያ።»

«ተሰንጥቋል አይደል?»

አዎ ልለው አፌን ስከፍት ዝናቡ መጣ። የመንዝ የነሐሴ ዝናብ አያስጠነቅቅም። ካቡ ሥር ተጠግተን ቆምን። ውኃው በድንጋዩ ላይ ሲወርድ ስንጥቆቹ አንድ በአንድ ሞሉ፤ ሲሞሉም ጠፉ። ነጩ ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ጠለቀ፣ ከታች ከጥጉ አንዲት ቀይ ነቁጥ በራች። የአያን እጅ ይዤ ወደዚያው ቦታ መራሁት። ጣቱን በእርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳለፈ፣ መለሰ፣ ደግሞ አሳለፈ።

«ለስልሷል» አለ።

ዝናቡ እስኪያባራ እጁን አላነሳም።